ፍሬን ሳልረግጥ መኪናዬን ማን ያዛት?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን፣ ከኮምቦልቻ ነኝ። ሥራዬ ደሴ ስለሆነ የዶሮ መዝለያን ዳገት ጠዋት እወጣታለሁ ማታ እወርዳታለሁ። ክረምት ላይ በዝናብ ስወርድ አንዱ ኩርባ ላይ ኋላዋ ሸርተት ሲል ግርርር የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ የሆነ ነገር መኪናዋን ጎተት አርጎ መለሳት፣ ዳሽቦርዱ ላይም ከኋላዋ ጥምዝምዝ መስመር ያላት ትንሽዬ መኪና ብልጭ ብልጭ አለች። እግሬ ፍሬን ላይ አልነበረም ወላሂ! አሁን ደግሞ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ) ካሠራሁ ወዲህ ያቺው መብራት በርታ ቀረች፣ መካኒኩ አምፖሏን እንንቀላት ይላል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ የያዛት ጅን አይደለም። መኪና ስትንሸራተት የሚያቃናት ሲስተም ነው፣ ኢኤስፒ ይሉታል፣ ቶዮታ ከሆነች ቪኤስሲ፣ ሥራው አንድ ነው። መሪው ጋ ያለው ሴንሰር አንተ ወዴት መታጠፍ እንደፈለግክ ይናገራል፣ ሌላው ደግሞ መኪናዋ የምር ወዴት እየዞረች እንደሆነ፣ ኮምፒውተሩ ሁለቱን በሴኮንድ 25 ጊዜ ያህል ያስተያይና ካልተስማሙ አንተን ሳይጠይቅ አንድ ጎማ ለይቶ ፍሬን ይይዛል። የሚሄድ ጋሪ አንዱን ጎማ ብትይዘው ወደያዝከው በኩል ይዞር የለ፣ እሱ ነው ነገሩ። ወደ ግራ ስትታጠፍ ጭራዋ ወደ ቀኝ ካመለጠ የቀኙን የፊት ጎማ ይይዝና ያቃናታል፣ አልታጠፍም ብላ ቀጥ ብላ ወደ ገደሉ ከሄደች ደግሞ የግራውን የኋላ ጎማ፣ የሞተሩንም ጉልበት ይቀንሳል። ግርርር ያለው የፍሬኑ ፓምፕ ነው።

መርሰዲስና ቦሽ ያወጡት በፈረንጅ 1995 ለውድ መኪና ነበር፣ በ1997 ትንሿ መርሰዲስ ኤ ክላስ ስዊድን ውስጥ ሙከራ ላይ ተገልብጣ ጉድ ስትሆን ነው ለሷም የተገጠመላት።

መብራቷ ብልጭ ካለች ኢኤስፒው እየሠራ ነው፣ በርታ ከቀረች ተኝቷል። መጀመሪያ የኢኤስፒው ማጥፊያ ቁልፍ ተነክቶ እንዳይሆን እየው። አላይመንት ሲሠራ መሪው ተነካክቶ ሴንሰሩ ቀጥታ የቱ እንደሆነ ጠፍቶትም ይሆናል፣ ኮምፒውተር ያለው ጋራዥ ዜሮውን ያስተካክልልሃል። የኤቢኤስ (ፍሬን ስትይዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) መብራትም አብራ ከበራች ግን የጎማ ሴንሰር ሽቦ አስፈትሽ። እስከዛ ፍሬንህ ይይዛል፣ ኩርባው ላይ ግን ብቻህን ነህ፣ ጎማህ ከተላጠ ደግሞ ኢኤስፒውም የሚይዝበት የለውም።

አምፖሏን እንዳታስነቅል! እንዲያውም ያገለገለ መኪና ስትገዛ የሞተሩን ቁልፍ ክፈትና እያት፣ ለአፍታ በርታ መጥፋት አለባት፣ ጭራሽ ካልበራች እንዳንተ መካኒክ ያለ ሰው ቀድሞ አግኝቷታል ማለት ነው።