ለድሬው ከንቲባ ገጸ ባሕሪህ

ተጫዋቾች የፈጠሩትን ፖለቲከኛ ሆነው በሚወዳደሩበት የምርጫ ጨዋታ ላይ እጩህ አፉን በከፈተ ቁጥር «ሰላምና ልማት» እያለ ከሌሎቹ ተጫዋቾች እጩዎች አልለይ ካለህ፣ የፓርቲ ፕሮግራሙን ለጊዜው ተወውና ውለታ ያለበት ለማን እንደሆነ ወስን። ድሬዳዋ ላይ ከንቲባ የሚመርጠው ምክር ቤቱ ነው፣ ሕዝቡ በቀጥታ አይደለም። ስለዚህ ሰውየህ ወንበሩን የሚያገኘው ለጥቂት አባላት ቃል ገብቶ ነው። ምን ብሎ?

ከዚያ፦

1. ሰፈር ስጠው። ደቻቱ ወንዝ ዳር ያደገ ሰው የ1998ቱን ጎርፍ አይረሳም። ጨዋታው ላይ ለወንዙ መከላከያ ግንብ የተያዘ በጀት ይቀነስ ሲባል፣ ፓርቲው ቢያዝዘውም እጁን አያወጣም። ሌሎቹ ተጫዋቾች ሰውየህን የሚያስታውሱት እዚህ ጋ ነው።

2. አንደበት ስጠው። ቀፊራ ገበያ ሲገባ በአማርኛም በኦሮምኛም በሶማሊኛም ሰላም ይላል፤ ሲናደድ ግን አንዱ ብቻ ነው የሚመጣለት። የቱ? እሱን ካወቅክ ግማሹ ሥራ አለቀ አቦ!

3. ዕድሜና ሥራ። የምድር ባቡር ጡረተኛ ልጅ ቢሆን ይበቃል፣ አታብዛው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፤ ስሙን ከነአባቱ ፈልገህ አጣራ። እኛ ጋ አንድ ተጫዋች የፈጠረው ሙሰኛ ሚኒስትር ስሙ በሕይወት ካለ ባለሥልጣን ጋር ገጥሞ፣ ምርጫው መሃል ላይ ገጸ ባሕሪው ከጨዋታው ተነሳበት። ያሰባሰበው ድምፅም አብሮ ሄደ።