ውጭ አገር ያለ ዜጋ ይምረጥ? ጥያቄና መልስ

በዚህ ጉዳይ የየአገሩን ሕግ ሳገላብጥና ስከራከር ብዙ ጊዜ ስላጠፋሁ «ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ግብር የማይከፍል ሰው ምን አግብቶት ይመርጣል?

መልስ፦ ይሄ ጥያቄ ቀርቶ አያውቅም። መመዘኛው ግብር ከሆነ አገር ውስጥ ያለው ሥራ አጥም ድምፁን ሊያጣ ነው። ድምፅ በደረሰኝ አይሰጥም።

ጥያቄ፦ እነሱ መርጠው ይተኛሉ፣ መዘዙን የምንቀበለው እኛ። ይሄ ፍትሕ ነው?

መልስ፦ እኔንም የሚከብደኝ ይሄ ነው። በ2009 በሮማኒያ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ አገር ውስጥ በተቆጠረው ድምፅ የሚመራው ሚርቻ ጆዋና ነበር። የውጭው ሲደመር ትራያን ባሴስኩ አሸነፈ። የተሸነፈው ወገን እንዴት እንደሚያንገበግበው አስቡት! በ2014 ደግሞ ፓሪስና ለንደን ያሉ ሮማኒያውያን ለሰዓታት ተሰልፈው፣ ብዙዎቹ ሳይመርጡ በሩ ተዘጋባቸው። የአገሩ ነገር የማያንገበግበው ሰው ያን ያህል አይሰለፍም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ምን ይሻላል?

መልስ፦ ለፓርላማ ከሆነ የፈረንሳይን መንገድ እመርጣለሁ። ከ2012 ጀምሮ ውጭ ያሉት የራሳቸውን 11 እንደራሴዎች ይመርጣሉ። ድምፃቸው የማንንም ሰፈር ውጤት አይቀይርም። ለፕሬዚዳንት ግን አይሠራም፤ ወንበሩ አንድ ነዋ።

ጥያቄ፦ ውጭ በቆዩበት ዓመት ላይ ገደብ ቢኖርስ?

መልስ፦ ድሮ እደግፈው ነበር። 14 ዓመት ከ11 ወር የቆየውን «ያገባሃል»፣ 15 የሞላውን «አያገባህም» ማለት የሚቻልበትን ምክንያት ሳጣ ተውኩት። እንግሊዝም የ15 ዓመት ገደቧን በ2024 አንስታለች።

ጥያቄ፦ ውጭ ተወልዶ አገሩን ያልረገጠስ?

መልስ፦ እሱ ለጊዜው አይምረጥ። ጀርመን በመርህ ደረጃ ከ14 ዓመቱ በኋላ ቢያንስ 3 ወር አገር ውስጥ የኖረ ይመርጣል ትላለች፣ ያውም ባለፉት 25 ዓመታት ውስጥ። ለኔ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ጨርሶ የሚከለክል ዴሞክራሲ አለ?

መልስ፦ አየርላንድ፣ ከዲፕሎማትና ከመሳሰሉት በቀር።

ጥያቄ፦ በኢንተርኔት ቢሆን ሰልፉ አይቀርም?

መልስ፦ ይቀራል። ኢስቶኒያ ከ2005 ጀምሮ እያደረገችው ነው። የኔ ስጋት ኮምፒውተሩ አይደለም፣ ከመራጩ ጀርባ ቆሞ «ይሄን ተጫን» የሚለው ሰው ነው። ኢስቶኒያውያን ለዚህም ዘዴ አላቸው። የኢንተርኔት ምርጫው እስኪዘጋ ድረስ ደጋግመሽ መምረጥ ትችያለሽ፤ የሚቆጠረው የመጨረሻው ነው። ቀን ባልሽ አጠገብሽ ቆሞ ቢያስመርጥሽ፣ ማታ ሲተኛ ትቀይሪዋለሽ።