ኤልዳፕ ፍለጋ ሲንቀራፈፍ መጀመሪያ ሎጉን አንብብ

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ኦፕን ኤልዳፕ ላይ (የሰዎችን መረጃ የሚይዝ የዳይሬክተሪ ሰርቨር ነው) በዩአይዲ፣ ማለትም በተጠቃሚ መለያ፣ ስትፈልግ ወዲያው ይመጣል፣ በስልክ ቁጥር ወይም በስም ቁራጭ ስትፈልግ ግን ሰከንዶች ይፈጃል፤ ራም ብትጨምርም ለውጥ የለም ብለሃል። አንዱ ፍለጋ ፈጥኖ ሌላው የሚጎተት ከሆነ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ኢንዴክሱን፣ ማለትም ሰርቨሩ መረጃን ቶሎ የሚያገኝበትን ማውጫ፣ ነው። ለራም ያወጣኸው ገንዘብ ያሳዝናል እንጂ እዚህ ላይ አያድንህም።

ግን በጥርጣሬ ብቻ ኮንፊገሬሽን አትነካካ። ያንኑ ቤዝ (ፍለጋው የሚነሳበትን ቦታ) እና ያንኑ ፊልተር (የፍለጋውን መስፈርት) ይዘህ እዚያው ሰርቨሩ ላይ ኤልዳፕሰርች በሚባለው የትእዛዝ መስመር መሣሪያ ሞክረው። እዚያ ፈጣን ከሆነ ዳይሬክተሪውን ተወውና ዲኤንኤሱን (ስምን ወደ አድራሻ የሚቀይረውን) እይ፤ ወይም አፕሊኬሽኑ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አዲስ የቲኤልኤስ (የተመሰጠረ) ግንኙነት እየከፈተ እንደሆነ አጣራ።

እዚያም ከዘገየ የሎግ ደረጃውን 256 አድርገው። ለእያንዳንዱ ፍለጋ አንድ መስመር ቤዙን፣ ስኮፑን (የፍለጋውን ወሰን) እና ፊልተሩን ይጽፍልሃል፤ ሌላ መስመር ደግሞ ስንት ኢንትሪ (መዝገብ) እንደተመለሰ ይነግርሃል። ሁለቱን የምታገናኛቸው በኮኔክሽኑና በኦፕሬሽኑ ቁጥር ነው። ከኦፕን ኤልዳፕ 2.5 ጀምሮ የፈጀው ጊዜም እዚያው አብሮ ይወጣል። በመሀል የአትሪቢዩቱን (ለምሳሌ የስልክ ቁጥር መስኩን) ስም ጠቅሶ «ኖት ኢንዴክስድ» (ኢንዴክስ የለውም) የሚል መስመር ካየህ ሌባው ተያዘ ማለት ነው፦ አንድ ሰው ለማግኘት በፍለጋው ስኮፕ ያለውን ኢንትሪ ሁሉ እያገላበጠ ነው።

ሰው የሚሸወደው ከዚህ በኋላ ነው። ለስልክ ቁጥር «ኢኪው» የሚባለውን የእኩልነት ኢንዴክስ ጨምሮ በኮከብ ምልክት በቁራጭ ይፈልግና «አልሠራም» ይላል። የእኩልነት ኢንዴክስ ለቁራጭ ፍለጋ አያገለግልም፤ ለዚያ «ሰብ» የሚባለው የቁራጭ ኢንዴክስ ያስፈልጋል። እሱም ቢሆን ገደብ አለው፦ በነባሪው ቅንብር ከሁለቱም ወገን ኮከብ ያለበት ቁራጭ ከ4 ባይት (ከአራት የእንግሊዝኛ ፊደል ወይም አሃዝ) ካነሰ ኢንዴክሱ አይረዳህም። ስለዚህ ተጠቃሚው ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደል ወይም አሃዝ እንደጻፈ መፈለግ የሚጀምር አፕሊኬሽን ካለህ አፕሊኬሽኑን አስተካክል። ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሮ መፈለግ ከበቃህ የፊተኛውን ኮከብ አንሳው። አሉታዊ ፊልተር፣ ማለትም «ይህ ያልሆነውን ሁሉ አምጣ» የሚለው፣ ብቻውን ሲመጣ ኢንዴክስ የለውም።

ኢንዴክሱን በሲኤን ኮንፊግ (ሰርቨሩ ራሱ ውስጥ በሚቀመጠው ቅንብር) በኩል ከጨመርክ ሰርቨሩ ራሱ ከጀርባ ይገነባዋል። በድሮው የኮንፊገሬሽን ፋይል የምትሠራ ከሆነ ግን ሰርቪሱን አቁመህ ኢንዴክሱን የሚገነባውን ስላፕኢንዴክስን ማስኬድ አለብህ፤ እሱንም ሰርቪሱ በሚሠራበት ተጠቃሚ። በሩት (በዋናው አስተዳዳሪ) አስኪደኸው የፋይል ባለቤትነት ከተበላሸ ሰርቪሱ አልነሳም ብሎ ያስጨንቅሃል። ዳታህ የሚቀመጠው በኤምዲቢ ዳታቤዝ ከሆነ የዳታቤዙን ከፍተኛ መጠን አስቀድመህ እይ፤ ነባሪው 10 ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ አዲስ ኢንዴክስ ሊሞላው ይችላል።

«እንግዲያው ሁሉንም አትሪቢዩት ኢንዴክስ ላድርገው» እንዳትል። ዳታ በተጻፈ ቁጥር ጭነት ይጨምራል፣ ሎጉ ውስጥ ያልታየ አትሪቢዩት ደግሞ ምንም አይጠቅምህም።

ይህን ሁሉ አድርገህ ካልተስተካከለ ያንን የሎግ መስመር ጥንድ የሰዎችን ስም ሸፍነህ እዚህ ለጥፍልን፤ ያሉህን የኢንዴክስ መስመሮችም ጨምርበት።