የሚቅበጠበጥ ውሻ ያላችሁ ጠይቁኝ

እሺ፣ ስለሚዘሉና አላስቆም አላስቀምጥ ስለሚሉ ውሾች ጠይቁ። ስለ ክትባት አልመልስም፣ እሱ የሐኪም ነው። ቀድሜ ልንገራችሁ፣ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አንድ አይነት ካላደረገ አትልፉ።

ጥያቄ፦ ጋሼ የኔ ውሻ ቤት ስገባ ደረቴ ላይ ነው የሚወጣው፣ ተው እያልኩ ብገፋው ጭራሽ ባሰበት

መልስ፦ መግፋትህ ለሱ ጨዋታ ነዋ። ማየት፣ መንካት፣ መናገር ሶስቱም ሽልማት ናቸው። ፊትህን አዙረህ ዝም በል፣ አራቱም እግሩ መሬት ሲነካ ወዲያው ዝቅ ብለህ ዳብሰው። መጀመሪያ ይብስበታል፣ ድሮ ይሰራለት የነበረው ዘዴ እምቢ ስላለው ነው፣ እዛ ጋ ከተሸነፍክለት አጥብቆ መዝለል እንደሚያዋጣ አስተማርከው ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ረጋ ያለ ዘር የቱ ነው?

መልስ፦ የዛሬ ጉዳይ አይደለም።

ጥያቄ፦ ስጋ ሲያይ ያብዳል፣ እጄን ሊበላው ነው

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ እወደዋለሁ። ቁራጯን ጨብጠህ እጅህን አፍንጫው ፊት ያዝ፣ አትናገር። ይልሳል፣ በእግሩ ይቧጥጣል፣ ያለቅሳል፣ አንተ ዝም። የሆነ ሰዓት ላይ ተስፋ ቆርጦ አፍንጫውን ትንሽ ይመልሳል፣ እሷን ቅጽበት ነው የምትጠብቀው፣ "ጎበዝ" ብለህ በሌላኛው እጅህ ስጠው። ቀጥሎ ጭብጥህን ክፈት፣ ሲወረወር ዝጋ፣ ሲታገስ ስጥ። እሱ ሲገባው በሩም እንደዛው ነው፣ ሲቀመጥ ይከፈታል ሲነሳ ይዘጋል። 3 ወይም 4 ደቂቃ ይበቃል፣ ሲሰለቸው አትጎትቱት።

አንድ አባል፦ ምን ይሄ ሁሉ ጣጣ፣ አንድ ሰዓት ኳስ ወርውሩለት ደክሞት ይተኛል

ሌላ አባል፦ የኔን ያሳበደው ኳስ ነው ወንድሜ፣ አሁን ሌሊትም ኳስ አምጡ ይላል 😂

አንድ አባል፦ ያንተ ችግር አለበት፣ የኔ ስድስት ወር ሙሉ ሰላም ነው

መልስ፦ ኳሱን ተዉት። ሩጫ ብቻ ከሆነ ጉልበቱ ይጨምራል እንጂ መረጋጋት አይማርም። ገመዱን ላላ አድርጋችሁ መሬቱን እያሸተተ ቀስ ብሎ ይሂድ፣ ማሽተት ያረጋጋዋል።

ጥያቄ፦ ውሻዬ አይረጋጋም ምን ላድርግ

መልስ፦ የት? መቼ? ምን ሲያይ?

ጥያቄ፦ የ3 ወር ቡችላ፣ ማታ ማታ እየሮጠ እግሬን ይነክሳል

መልስ፦ እንቅልፍ ነው እህቴ። በዛ እድሜው በቀን 18 ሰዓትና ከዛ በላይ ሊተኛ ይችላል፣ ሲደክመው እንደ ህፃን ይነጫነጫል። ጨለም ያለ ቦታ አስተኚው።

ጥያቄ፦ ሲዘል ብመታውስ?

መልስ፦ አይመታም። እጅ ይፈራል፣ የፈራ ውሻ ደግሞ ይነክሳል።

ጥያቄ፦ እኔ ዞር እላለሁ፣ እናቴ ግን ሲዘልባት "ናፍቄው ነው" ብላ ታቅፈዋለች

መልስ፦ መጀመሪያ ምን አልኩ? እሷ ስትገባ በገመድ ያዘው፣ ሲቀመጥ ትጠጋው፣ ሲነሳ ወደ በሩ ትመለስ። ለናትህም ልምምድ ነው።