ነዳጅና ያልተወለዱት ባለድርሻዎች፦ ጥያቄና መልስ

ሙያው የነዳጅ ገቢ አስተዳደር የሆነ አባላችን ጥያቄዎችን ይመልሳል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ነዳጅ ለአገር ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?

መልስ፦ ለየትኛው አገር? በየትኛው ሕግ? እንዲህ ለተጠየቀ ነገር መልስ የለኝም። ቀጥሎ።

ጥያቄ፦ የነዳጅ ገቢ ከግብር ገቢ በምን ይለያል?

መልስ፦ በመጀመሪያ ገቢ አትበሉት፤ የንብረት ሽያጭ ነው። ግብር በየዓመቱ ይሰበሰባል፣ የተቀዳ በርሜል ግን አይመለስም።

ጥያቄ፦ እንግዲያው ለመጪው ትውልድ ፈንድ፣ ማለትም የቁጠባ ቋት፣ ማቋቋም ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም፤ እዚህ ላይ ረዘም ልበል። ማስቀመጡ ቀላል ነው፣ ከባዱ ገንዘቡን ከፈንዱ የማውጫው ሕግ ነው። ኖርዌይ ኤኮፊስክ የተባለውን የነዳጅ መስክ ያገኘችው በ1969 ነው፤ የፈንዱን ሕግ በ1990 አወጣች፣ የመጀመሪያውን ገንዘብ በ1996 አስገባች። ቁም ነገሩ ግን የ2001 ደንብ ነው፦ መንግሥት በአማካይ የሚጠቀመው ከፈንዱ የሚጠበቀውን ትርፍ ብቻ ነው። ያን ጊዜ 4 በመቶ ተብሎ ነበር፤ በ2017 ወደ 3 ወረደ። ገንዘቡም በውጭ አገር ብቻ ይሠራል፤ አገር ውስጥ ቢለቀቅ ዋጋ ያንራል፣ ሌላውን የወጪ ንግድ ያዳክማል።

ቻድስ? በ1999 ሕግ ከነዳጅ ገንዘቡ 10 በመቶው ለመጪው ትውልድ እንዲቀመጥ ተወሰነ። የዓለም ባንክም ለነዳጅ ማስተላለፊያ ቧንቧው ያበደረው ይህን ሕግ ተማምኖ ነው። ነዳጁ በ2003 መሸጥ ጀመረ፤ በ2006 ግን የትውልዱ ፈንድ ተሰርዞ ነበር። ምክር ቤት በተራ ድምፅ ያወጣውን በተራ ድምፅ ይሽረዋል። የአሜሪካ ግዛት የሆነችው አላስካ ግን በ1976 ፈንዱን ሕገ መንግሥቷ ውስጥ አስገባች፤ ዋናውን ገንዘብ መንካት ያለ ሕዝብ ድምፅ አይቻልም።

ጥያቄ፦ ለምን ለሕዝቡ በእጁ አይሰጥም?

መልስ፦ አላስካ ከ1982 ጀምሮ ትሰጣለች፤ የምትሰጠው ግን ከትርፉ ነው። ዋናውን ማከፋፈል ንብረት ሸጦ መብላት ነው።

ሌላ አባል፦ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ዛሬ የተራበ ሕፃን ካልተወለደው ያነሰ መብት አለው?

ሦስተኛ አባል፦ በተራበው ሕፃን ስም ስንት ቤተ መንግሥት ተሠራ!

ሌላ አባል፦ ወንድሜ፣ ኖርዌይ ከነዳጁም በፊት ድሃ አልነበረችም። ድሃ አገር ገንዘቧን በውጭ አክሲዮን አስቀምጣ በውድ ወለድ ትበደር?

ሦስተኛ አባል፦ ኖርዌይማ ለልጆቿ እያጠራቀመች የሰው ልጆችን አየር ንብረት ታበላሻለች።

መልስ፦ የአየር ንብረቱ ክርክር ራሱን የቻለ ርዕስ ነው፤ እዚህ አታምጡት። የብድሩ ነጥብ ግን ትክክል ነው። ድሃ አገር ውስጥ ሕፃን ማስከተብና ማስተማር ከየትኛውም አክሲዮን የተሻለ ቁጠባ ሊሆን ይችላል። ለደመወዝ ጭማሪና ለቤንዚን ድጎማ የወጣውን ግን ኢንቨስትመንት ብላችሁ አታምጡብኝ።

ጥያቄ፦ መሬት ውስጥ ቢተውስ?

መልስ፦ ዋጋው ነገ እንደሚጨምር እርግጠኛ ከሆኑ ይተዉት። እኔ አይደለሁም።

ጥያቄ፦ ዘግይቼ ነው የገባሁት። የነዳጁ ገቢ ለምን ለሕዝቡ አይታደልም?

መልስ፦ ተመልሷል፤ ከላይ ያንብቡ። ደግሞም ገቢ አይደለም ብያለሁ።

ጥያቄ፦ ኩዌትን ለምን ዘለሉ?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ። ኩዌት ከ1976 ጀምሮ በየዓመቱ ከመንግሥት ገቢ 10 በመቶ ለመጪው ትውልድ ታስቀምጥ ነበር፤ ከ1990ው የኢራቅ ወረራ በኋላ አገሪቱን መልሶ ለመገንባት የደረሰላትም ያ ቁጠባ ነው። በ2020 ግን የበጀት ትርፍ በሌለበት ዓመት መቆጠብ ግዴታ እንዳይሆን ሕጉ ተሻሻለ። ያሻሻሉት ደግሞ ዛሬ ድምፅ ያላቸው ናቸው።