የአምስት ደቂቃ ጌም ይዞ ሥራ መፈለግ

ጥያቄ፦ የሦስተኛ ዓመት የሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ። ነፍሴ የምትወደው ግን አጫጭር፣ ሥዕላቸው ቀለል ያለ፣ እንደ ግጥም የሚሰሙ ጌሞችን መሥራት ነው። ቤተሰቦቼ «ጨዋታ እንጀራ አይሆንም» ይሉኛል። በዚህ ሥራ ማግኘት እችላለሁ? ከየትስ ልጀምር?

መልስ፦ ቤተሰቦችሽ በከፊል ልክ ናቸው። እንዲህ ያሉ ጌሞችን ሸጦ መኖር ለጥቂቶች ብቻ የሚሳካ ስለሆነ ገቢሽን በእሱ ላይ አታስቢ። ነገር ግን የአፕ ዲዛይን፣ የፍሮንት ኢንድ (ተጠቃሚው የሚያየውን ገጽ ኮድ የመጻፍ) ወይም የአኒሜሽን ሥራ ስትጠይቂ ተጠናቆ የወጣ ትንሽ ጌም ከግማሽ የቀረ ትልቅ ፕሮጀክት በእጅጉ ይሻልሻል፤ የጀመርሽውን እንደምትጨርሺ ያሳያልና።

መጀመሪያ ጌም ሠሪው ጄሰን ሮረር በ2007 እ.ኤ.አ. ያወጣውን «ፓሴጅ» ተጫወቺ። የሚታየው ቦታ 100 በ16 ፒክስል ነው፤ በአምስት ደቂቃ ያልቃል። ሰውየው ጊዜው ባለፈ ቁጥር ያረጃል። መንገድ ላይ ያለችውን ሴት ከነካት አብራው ትሄዳለች፤ ከዚያ በኋላ ግን ለሁለት ጠባቡ መተላለፊያ አያሳልፋቸውም፣ ከወዲያ ያለው የሀብት ሣጥንም ይቀርባቸዋል። ይህን የሚያብራራ አንድም ቃል የለም፤ የሚናገረው የጌሙ ሕግ ነው። የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም በ2012 ለስብስቡ ከመረጣቸው የመጀመሪያዎቹ 14 ጌሞች አንዱ ይህ ነው።

አንቺም ከሥዕሉ በፊት ሕጉን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ። ለምሳሌ፦ «ጀሪካን የተሸከመችው ልጅ ስትሮጥ ውሃው ይፈስሳል፣ ቀስ ስትል ይመሽባታል።» ሐዘኑን ለማስረዳት ጽሑፍ ካስፈለገሽ ሕጉ ገና አልሠራም ማለት ነው፤ ሙዚቃ ብትጨምሪበትም አይድንም።

ለመጀመሪያው ጌምሽ «ቢትሲ» የተባለው የጌም መሥሪያ ይበቃል፤ ነፃ ነው፣ በብራውዘር ይሠራል፣ እያንዳንዱ የጌሙ ክፍል 16 በ16 ካሬ ነው። ነገር ግን የጀሪካኑን ዓይነት የፍጥነትና የሰዓት ሕግ ለመሥራት አይመችም። ለዚያ ኮድ የሚጻፍበት «ፒኮ-8» አለ፦ 128 በ128 ፒክስል፣ 16 ቀለም፣ ኮዱም ከ8,192 ቶክን (የኮድ ቃልና ምልክት) አያልፍም። ዋናው በዶላር ይሸጣል፤ በብራውዘር የሚሠራው የትምህርት ዕትም ግን ነፃ ነው። አንድ ወጥመድ አለው፦ ፊደላችን በውስጡ ስለሌለ ራስሽ መሣል አለብሽ። የሥዕል ቦታው 256 ባለ 8 በ8 ፒክስል ካሬ ነው፤ 231ዱን ፊደል ልሣል ካልሽ ለጌሙ 25 ካሬ ብቻ ይተርፍሻል። የምትጠቀሚባቸውን አሥርና አሥራ አምስት ፊደሎች ብቻ ሣይ።

ስትጨርሺ ኢች ዶት አዮ (itch.io) በተባለው የጌም ድረ ገጽ ላይ በነፃ ጫኚው። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ዋናው ፋይል «index.html» ተብሎ በትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል ካልተሰየመ፣ ወይም ዚፑ ውስጥ በሌላ ፎልደር ከታቀፈ፣ ጌሙ ላይከፈት ይችላል። ብራውዘር ደግሞ ተጫዋቹ ስክሪኑን እስኪነካ ድምፅ ስለሚያፍን «ለመጀመር ንኪ» የሚል ገጽ አስቀድሚ። ቀጣሪሽ ሊንኩን በስልክ የመክፈቱ ዕድል ሰፊ ስለሆነ በርካሽ አንድሮይድ ሞክሪው።

ከዚያ ለአምስት ሰው ስጪና ዝም ብለሽ እያቸው። «እዚህ ጋ እንዲህ በል» ማለት ካማረሽ፣ ያቺን ቦታ ጻፊያት፤ መስተካከል ያለባት እሷ ናት። ሰው ለማለቂያው ሳይደርስ ከተወው ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ ነው፦ ምን መጫን እንዳለበት አልገባውም።

የጊዜ ገደብ የሚያነቃሽ ከሆነ ጌም ለብቻ በ48 ሰዓት የሚሠራበት «ሉደም ዴር» የተባለው ውድድር ጥሩ ነው። ለሲቪሽ ሦስት ያለቁ ጌሞች ይበቃሉ። ለእያንዳንዳቸው ሊንክ፣ የሠላሳ ሰከንድ ቪዲዮ፣ ከሥሩም ምን እንደቆረጥሽና ለምን እንደቆረጥሽ ሁለት መስመር ጻፊ። ቃለ መጠይቅ ላይ የሚያነጋግርሽ ያ ሁለት መስመር ነው፤ «ጌም መጫወት እወዳለሁ» የሚለውን ግን አውጪው።