ባቄላውና ጦም ያደረው መሬት

ስንዴን ከባቄላ ማፈራረቅና መሬትን ጦም ማሳደር የካርቦን ልቀትን ይቀንሳሉ ወይ ብለው ለጠየቁት፦ ማፈራረቁ አዎ፤ ጦም ማሳደሩ ግን እንደ አያያዙ ነው።

ባቄላው ሲያብብ አንዱን ከነሥሩ በጥንቃቄ ይንቀሉ። ሥሩ ላይ ያሉትን ትናንሽ እብጠቶች በጥፍርዎ ሲሰነጥቋቸው ውስጣቸው ሮዝ ከሆነ ናይትሮጅን ከአየር እየሳቡ ነው። በዚህም ቀጥሎ የሚዘራው ስንዴ የሚፈልገው ዩሪያ ማዳበሪያ ይቀንሳል። ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ ማዳበሪያ ከበዛበት አፈር የሚወጣው ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ በ100 ዓመት ስሌት ከእኩል ክብደት ካርቦን ዳይኦክሳይድ 273 እጥፍ ምድርን ያሞቃል። ዩሪያውን ሳይቀንሱ ቢያፈራርቁ ግን ይህ ጥቅም ይባክናል።

ታርሶ ራቁቱን የሚከርም መሬት ካርቦኑን ያጣል፣ አፈሩንም ጎርፍ ይወስደዋል። ሣር ለብሶ ያረፈ መሬት ግን ያከማቻል። በሰሜን ሸዋ ደጋ ለዓመታት ያረፈን አፈር ከምሮ የማቃጠል ልማድ የሚያንገበግበኝ ለዚህ ነው።